ዜማውን ወዶ ባለ ዜማውን መናቅ

ከሰው ልጅ ሀብት ሁሉ እንደ ዜማ በቀላሉ ከቤት ወደ ቤት፥ ከአገርም ወደ አገር የሚሻገር የለም። እህል በአጋሰስ ተጭኖ፥ ልብስም በዕቃ ታስሮ ይሄዳል፤ ዜማ ግን በመንገደኛ ከንፈር ላይ ተቀምጦ ወንዝ ይሻገራል፥ ኬላም አይከለክለውም። ስለዚህ «ይህ ዜማ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ለብዙ ሰው ከንቱ ነገር ይመስለዋል። እኔም ብዙ ዘመን እንዲሁ ሲመስለኝ ኖሬአለሁ። አሳቤን ያስለወጠኝ የአንዲት ተማሪ አጭር ቃል ስለ ሆነ፥ ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ ነገሬን ከዚያው እንድጀምር ፍቀዱልኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ እኔ በምኖርበት በሀብሩ ወረዳ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የዓመቱ መዝጊያ በዓል ይከበር ነበር። በዚህ ቀን ተማሪዎች የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ጭፈራ ማሳየታቸው የተለመደ ነው፤ የዝግጅቱንም ዝርዝር ተመልክቼ የፈረምሁበት እኔ ነበርሁ። የወሎው እስክስታ ካለፈ በኋላ «የበርታ ሕዝብ ጭፈራ» ተብሎ ዐሥር ያህል ልጆች ወጡ። ፊታቸውንና ክንዳቸውን በምጣድ ጥላሸት አጥቁረዋል፤ የተቀደደ ጆንያ አገልድመዋል፤ የተጠቀለለ ካርቶን እንደ መለከት እየነፉ ይዘልላሉ። የሚያሰሙትም ቃል በማናቸውም ቋንቋ ትርጉም የሌለው ጩኸት ነበረ። ሕዝቡ በሣቅ ፈነዳ። እኔም ከክብር እንግዶቹ አጠገብ ተቀምጬ አጨበጨብሁ።

በማግሥቱ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ብቻዬን ወዳለሁበት መጣች። አባቷ ከአሶሳ ወገን የመጡ፥ በሥራ ምክንያት በእኛ አገር የሰፈሩ ሰው ናቸው። ልጅቱ ዐይኗን ከመሬት ሳታነሣ፥ «መምህር፥ ትናንት የተዘፈነው የአባቴ አገር ዘፈን ነው ተብሏል። እውነተኛውን እኔ ዐውቀዋለሁ፤ አባቴ አስተምሮኛል። ለእኔ ደግሞ ጥላሸቱም ባላስፈለገኝ ነበር። ለምን አልጠየቃችሁኝም?» አለችኝ። ሃያ ዓመት ያህል ጥያቄ ስጠይቅና መልስ ስሰጥ የኖርሁ መምህር ስሆን፥ ያን ቀን ግን የምመልስላት አጣሁ።

ነገሩን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ባነሣሁት ጊዜ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወገን፥ «የልጆች ጨዋታ ነው፤ ማንንም ለመስደብ ያሰበ የለም። ይህን ሁሉ ብንመረምር መዝፈንም መሣቅም ሊቀር ነው» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «እንግዲያውስ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ወገን ዘፈን ብቻ ይዝፈን፤ የሌላውን አይንካ» ብሎ ፈረደ። እኔ ሁለቱንም ሰምቼ ወደ ቤቴ ስመለስ፥ ሁለቱም ከልጅቱ ቃል የራቁ መስለው ታዩኝ። ልጅቱ «ዘፈናችንን አትንኩ» አላለችም፤ «ለምን አልጠየቃችሁኝም?» ነው ያለችው።

የጥላሸቱ ታሪክ

ፊትን በጥላሸት አጥቁሮ በመድረክ ላይ መውጣት ላላወቀው ሰው ንጹሕ ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን በዓለም ላይ ረዥምና አሳፋሪ ታሪክ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830ዎቹ ዓመታት፥ ቶማስ ራይስ የሚባል ነጭ አሜሪካዊ ፊቱን አጥቁሮና ቡትቶ ለብሶ፥ «ጂም ክሮው» የተባለውን ጥቁር ሰው እመስላለሁ እያለ መዝፈንና መደነስ ጀመረ። ተመልካቹ እጅግ ወደደው፤ ብዙዎችም ተከተሉት። በዚያው ዘመን ባለ ዜማዎቹ ጥቁሮች በባርነት ቀንበር ሥር ነበሩ። ዘፈናቸው ለሌላው መተዳደሪያ ሲሆን፥ እነርሱ ግን በመድረኩ ላይ የሚታዩት ሰነፎችና ሞኞች ሆነው ነበር። ቈየት ብሎም ጥቁሩን ከነጩ ለይቶ በሌላ ወንበርና በሌላ ትምህርት ቤት የሚያስቀምጠው ሕግ ሁሉ «ጂም ክሮው» ተብሎ ተጠራ። ከመድረክ የወጣ ቀልድ የጭቈና ሕግ ስም ሆነ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገርም የቢቢሲ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1978 ድረስ፥ ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው የሚዘፍኑበትን ትርኢት ለሃያ ዓመት ሲያሳይ ኖሯል።

ሰውን መናቅ ባለበት ስፍራ የሰውን ገንዘብ መብላት ሩቅ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ የዙሉ ተወላጅ የሆነው ሰሎሞን ሊንዳ እ.ኤ.አ. በ1939 በጆሃንስበርግ ከጓደኞቹ ጋራ «ምቡቤ» የተባለ ዘፈን በሸክላ አስቀረጸ፤ ቃሉ በቋንቋቸው አንበሳ ማለት ነው። ለዘፈኑ የተከፈለው ዐሥር ሺልንግ ያህል ብቻ ነበር። ያው ዜማ ባሕር ተሻግሮ፥ የእንግሊዝኛ ቃል ለብሶ፥ በ1961 በአሜሪካ በአንደኛ ደረጃ ተደመጠ። ሊንዳ ግን በሚከተለው ዓመት ድኻ ሆኖ ሞተ። ዜማው በ1994 በወጣው ስለ አንበሳ ንጉሥ በተሠራው የልጆች ፊልም ውስጥ እንኳ ሲዘፈን፥ ልጆቹ በድኽነት ይኖሩ ነበር። በፍርድ ቤት ተሟግተው በስምምነት ድርሻ ያገኙት በ2006 ነው። ያን ዜማ ዛሬ በመርሳና በወልድያ ያሉ ሕፃናት ሳይቀሩ ያንጐራጕሩታል፤ የባለቤቱን ስም የሚያውቅ ግን ስንት ነው?

በገዛ ደጃችን

ይህን ሁሉ አንብበን፥ «የፈረንጅ ግፍ!» ብለን ራሳችንን ነቅንቀን ብናልፍ ራሳችንን እናታልላለን። በገዛ ደጃችን ዜማውን እየወደድን ባለ ዜማውን ስንንቅ ኖረናልና።

በወሎ ምድር ማሲንቆ የሌለበት ሠርግ ደስታው ጎደሎ ነው። ያ ከፈረስ ጭራ የተገመደ አንድ ጅማት፥ በፍየል ቆዳ በተለጐመው ሣጥን ላይ ሲሳብ፥ ሽማግሌው ወጣትነቱን ያስታውሳል፤ ሙሽራዋም ትስቃለች። ነገር ግን ያው አዝማሪ የሠርጉ ዕለት ከበሬታ ካለው ሰው ጋራ በአንድ ማዕድ እንዲቀርብ የሚፈቀድለት ስንት ጊዜ ነበረ? ልጁን ለልጃችን ቢጠይቅስ ዘሩን አልቈጠርንምን? ስሙ ራሱ ስድብ ሆኖ፥ ወላጅ ልጁን ሲቈጣ «አዝማሪ ሆነህ ልትቀር ነው!» ይለዋል። ነገር ግን አዝማሪ የሚለው ስም «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ መሆኑን ሰዋስው የተማረ ሁሉ ያውቃል፤ መዝሙርም ከዚያው ግንድ የበቀለ ቅርንጫፍ ነው። እኛ በቤተ ክርስቲያን ያደግን ሰዎች ዘፈንን ከመዝሙር ለይተን ማስተማራችን ተገቢ ሆኖ ሳለ፥ ዘፈኑን በመንቀፍ አሳብበን ሰውየውንና ዘሩን ብንንቅ ግን ለዚህ ትምህርት አናገኝለትም።

ላሊበሎች የሚባሉትንም አስቡ። ሳይነጋ፥ ብዙውን ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው፥ በደጃችን ቆመው የባለቤቱን ስም እየጠሩ ያዜማሉ፤ ምጽዋት ተቀብለው መርቀው ይሄዳሉ። ካላዜሙ የሥጋ ደዌ ይወጣባቸዋል የሚል የቈየ ወሬ አለ፤ በዚህም ምክንያት ምርቃታቸውን እየተቀበልን ከእነርሱ ጋራ መጋባትን ስንሸሽ ኖረናል። የሥጋ ደዌ ከተሕዋስ የሚመጣ፥ በመድኃኒትም የሚድን በሽታ መሆኑን የዘመኑ ትምህርት አስረድቶናል፤ ወሬው ግን ከትምህርቱ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

በመርሳ ገበያ አንድ አረጋዊ ማሲንቆ መቺን ስለዚሁ ጉዳይ ጠይቄአቸው ነበር። «የኔታ፥» አሉኝ፥ «በወጣትነቴ ያወጣኋትን ዘፈን አሁን በልጆች ስልክ ውስጥ እሰማታለሁ። ዘፋኙ ጥሩ አድርጎ ይላታል፤ አልቀናሁበትም። ነገር ግን የልጅ ልጄ ጽሑፉን ሲያነብልኝ ግጥምና ዜማው የሕዝብ ነው ይላል። አባቴ ስም አውጥቶልኝ ነበር እኮ!» ይህን ብለው ሣቁ፤ እኔ ግን አልሣቅሁም። በካሴት ዘመን በብዙ ሽፋን ላይ «የሕዝብ» የሚለው ቃል ተጽፎ አይተናል። በርግጥ ባለቤቱ ከጥንት ጀምሮ የማይታወቅ ዜማ ብዙ አለ። ነገር ግን ይህ ቃል በሕይወት ያለውን ሰው ስም መሸፈኛ የሆነበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በቀለም መናቅም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር። የባሪያ ንግድና ባርነትም በ1934 ዓ.ም. በሕግ ተሽሯል። ዐዋጁ ከወጣ ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላ፥ የጠቈረውን ልጅ በዚያው በተሻረው ስም የሚጠራ ጎረቤት ዛሬም አይጠፋም። የጉሙዝንና የበርታን ሕዝብ በገዛ ስማቸው ሳይሆን ባወጣንላቸው የንቀት ስም ስንጠራ ኖረናል። እነዚያ ተማሪዎቼ ጥላሸቱን ከምጣድ አገኙት፤ ሣቁን ግን ከእኛ ከትልልቆቹ ነው የወረሱት።

የቤተ ክህነቱ ሥርዓት ምን ያስተምረናል?

እንግዲህ የሁለተኛው ወገን ፍርድ ይጽና፥ ሰው ከወገኑ ዜማ በቀር አያዚም እንበልን? አይደለም። በእኛው ቤት የተጻፈው ገድል እንኳ እንዲህ አያስተምርም። በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ከሦስት አዕዋፍ እንደ ተማረ ይነገራል። ዜማ ከሌላ የተቀበሉት ስጦታ መሆኑን አባቶች አልሸሸጉም፤ ከማን እንደ ተቀበሉትም ይናገራሉ።

የድጓውም ዜማ ስሙን ከየስፍራው ይዞ ይጠራል፤ የቤተልሔም፥ የቆማ፥ የአጫብር፥ የተጉለት እየተባለ። የአጫብርን ዜማ ሌላው አገር ቢማር ነውር የለበትም፤ ነገር ግን «አጫብር» መባሉ አይቀርም። በቅኔ ቤትም የሌላውን ቅኔ የራሴ ነው ብሎ የተቀኘ ተማሪ ከጓደኞቹ ፊት ያፍራል፤ የታወቀ ቅኔ በተነገረ ጊዜም «የእገሌ ነው» ተብሎ የባለቤቱ ስም ይጠራል። ስም መጥራት ለእኛ ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ሕግ አይደለም፤ በልጅነቴ ከየኔታ እግር ሥር ቁጭ ብዬ የተማርሁት ሥርዓት ነው።

የዓለማዊው ዜማችንም እንዲሁ ነው። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ ከሚባሉት ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ስፍራዎች ነው። አምባሰል የሀብሩ ጎረቤት ነው፤ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚሳለም ምእመን ሁሉ ያን አገር ያውቀዋል። በአምባሰል ቅኝት የአዲስ አበባም፥ የጎንደርም፥ የውጭ አገርም ሰው ቢጫወት ደስ ይለናል፤ ምክንያቱም ስሙን ይዞ ሄዷልና።

ደግሞም ሚዛኑን ወደ ራሳችን እንመልሰው። የያሬድ ዜማና የቤተ ክርስቲያናችን ጸናጽል በመጠጥ ቤት መድረክ ላይ ለመደነሻ ሲውል እናዝናለን። እንደዚሁም የየጁው የዳና ስፍራ በመንዙማ ደራስያኑ የታወቀ ነው፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በጾምና በጸሎት የሚያዜሙትን መንዙማ ቃሉን ለውጦ የጭፈራ ዘፈን የሚያደርግ ሰው ሲያገኙ ኀዘናቸው ከእኛ ኀዘን አያንስም። በእኛ ሲደርስ የሚያስለቅሰን በሌላው ሲደርስ ሊያስቀን አይገባም።

በአክብሮት የተቀበሉ

በመልካም የተደረገውንም መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ የተመሠረተው «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» የማሲንቆ፥ የክራር፥ የበገናና የዋሽንት ሊቃውንትን በአንድነት የሰበሰበ ጓድ ነበር፤ በኋላም በተስፋዬ ለማ ይመራ ነበር። በዚያ ዘመን የሰላም ጓድ ሆኖ የመጣው አሜሪካዊው ቻርልስ ሰተን አማርኛ ተማረ፤ ማሲንቆውንም ከኢትዮጵያውያን መምህራን እጅ ተማረና ከእነርሱ ጋራ ተጫወተ። በ1969ም ጓዱ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሲያሳይ፥ በመድረኩ ላይ የታዩት ባለቤቶቹ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ነበሩ። ሰተን ነጭ ስለ ሆነ ማሲንቆ አይንካ ያለው አልነበረም፤ ዝቅ ብሎ ተምሯልና።

በቅርቡ ዘመንም ከአሮጌ ሸክላ ጥቂት ድምፅ ቈርጦ በአዲስ ዘፈን ውስጥ ማግባት የዓለም ልማድ ሆኗል። ናስ የተባለው አሜሪካዊና ጃማይካዊው ዴሚየን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት አንድ ዘፈን የቆመው በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። የሙላቱ ሥራዎች ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ባሳተመው ተከታታይ ዲስክ፥ ኋላም በ2005 በወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም አማካይነት ለብዙ ሕዝብ ተሰምተዋል። ዜማው ሲሻገር ስሙም አብሮ ስለ ተሻገረ፥ ባለ ዜማው በሕይወቱ ሳለ በዓለም መድረክ ላይ ሊቆም ቻለ።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ታሪክ ግን ደስታም ትዝብትም አለበት። እኚህ እናት በወጣትነታቸው በግሸን ማርያም ለዐሥር ዓመት ያህል በምናኔ የኖሩ፥ ከሙዚቃቸው የተገኘውንም ገንዘብ ለችግረኛ ልጆች የሰጡ ናቸው፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም አረፉ። የፒያኖ ድርሰታቸው በጥቁሮችና በነጮች ልዩነት ላይ በተሠራው በ2021 በወጣው «ፓሲንግ» በተባለ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ይሰማል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 ቢቢሲ በራዲዮ ስለ እርሳቸው ያቀረበው ዝግጅት ርእሱ በአሜሪካ መጠጥ ቤት የሚመታውን ፒያኖ የሚያመለክት ነበር። ዝግጅቱ በፍቅር የተሠራ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን የያሬድን ዜማ ሰምታ፥ በገዳም የጸለየች መነኩሲት፥ በመጠጥ ቤት ስም ስትጠራ መስማት የፍቅርን ጉድለት ያሳያል። ፍቅር ብቻውን አይበቃም፤ ማወቅም ያስፈልገዋል።

ስለ ቤታችን

ከዚህ ሁሉ የደረስሁበት አሳብ አጭር ነው። የሌላውን ዜማ ማዜም ኃጢአት አይደለም፤ ባለቤቱን ሳይጠይቁ፥ ስሙን ሳይጠሩ፥ ድርሻውን ሳይከፍሉ፥ ይልቁንም እርሱኑ መሣቂያ አድርጎ ማዜም ግን በደል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቍጥር 410 የባለ ዜማውን ድርሻ የሚጠብቅ ሕግ ነው። ክብሩን የሚጠብቅለት ግን በምድጃ ዙሪያ የሚነገረው ቃል ነው። ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁ አንድ ዘፈን ሲያንጐራጕሩ ብታገኟቸው፥ «ማን ነው ያወጣው? የየት አገር ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። በሠርጋችሁ ማሲንቆ መቺ ስትጠሩ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በማዕዳችሁም አቅርቡት። የሰውን ቀለምና አነጋገር መሣቂያ የሚያደርግ ትርኢት ቤታችሁ ሲገባ፥ ልጆቻችሁ በፊታችሁ ላይ ሣቅ እንዳያዩ ተጠንቀቁ፤ ከቃላችሁ ይልቅ ፊታችሁን ያነብባሉና።

እኔም በበኩሌ በሚከተለው ዓመት ከበዓሉ አንድ ወር አስቀድሜ ወደ ልጅቱ አባት ቤት ሄድሁ፤ የሆነውንም ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ በኋላም ቡና አስፈሉልኝ። ዙምባራ የሚባለው መለከት አንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ እንደሚያወጣበት፥ ዜማውም የሚሞላው ብዙዎቹ አንዱ የሌላውን ተራ እየጠበቁ ሲነፉ መሆኑን አስረዱኝ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየመጡ ስምንት ልጆችን ዘፈኑን ከነቃሉ አስተማሩ። መለከቱ በአገራችን ስለማይገኝ አንድ መምህር ካርቶን እንድንተካ አሳብ ቢያቀርብ፥ «የሌለንን የለንም እንበል» ብለው አልተቀበሉትም። ልጆቹ በጭብጨባ ብቻ ዘፈኑ።

የሣቀ አልነበረም። እንዲያውም አንዳንዱ እንግዳ፥ «የአምናው ይሻል ነበር፤ ያስቅ ነበር» ሲል ሰምቼዋለሁ። ልጅቱ በሰልፉ ሦስተኛ ሆና ቆማ ነበር። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ፥ ከታዳሚዎቹ አንዲት እናት ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ እርሷ ቀረቡና፥ «ልጄ፥ ይህ ዘፈናችሁ ምን ይላል?» ብለው ጠየቋት። እርሷም ከመጀመሪያው ጀምራ ቃል በቃል ነገረቻቸው። ባለፈው ዓመት ይህን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።